መጀመሪያ እሳቱን፣ ከዚያ አበባውን

ጥያቄሽን ሳየው ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። "እናቴ በሚቀጥለው ወር ከአዲስ አበባ ሲያትል ትመጣለች፣ የ11 ዓመት ልጅም አለችኝ፣ ሰው ሁሉ የመስታወት ኤግዚቢሽኑን አሳዪያቸው ይለኛል፣ ለመሆኑ ዋጋው ያዋጣል? ራሳችሁ ሥሩ የሚሉት ወርክሾፕስ የእውነት ነው ወይስ የቱሪስት ብር መልቀሚያ?" ነው ያልሽው። ከስር የጻፉልሽ ሁሉ "ቺሁሊ ውሰጃቸው፣ በጣም ያምራል" ብለው አልፈዋል፣ የመስታወት ጥበበኛውን የዴል ቺሁሊን ኤግዚቢሽን ማለታቸው ነው። ያምራል፣ አልዋሹሽም። እኔ ግን ሦስት ጊዜ እንግዳ ይዤ ስዞር የከረምኩ፣ አንዴም ገንዘቤን የተበላሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ባጭሩ፣ ቅደም ተከተሉን ገልብጪው። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ኤግዚቢሽኑን ያይና ጊዜ ከተረፈው ሲሠራ ሊያይ ይሄዳል። እኔም የመጀመሪያዋን እንግዳ፣ የገዛ እናቴን፣ እንደዚያ አድርጌ ነው ያበላሸሁባት።

"ነገ መስታወት ልናይ እንሄዳለን" ስላት ፊት ማያ መሰላት። አትፍረጂባት። በኛ ቋንቋ ፊት የምናይበትም መስታወት፣ የመስኮቱም መስታወት፣ ስንጠጣበት ብርጭቆ፣ ሲረዝም ጠርሙስ፣ ጠጅ ሲገባበት ብርሌ ነው። ብቻ ገባን። ስፔስ ኒድል ከሚባለው የሲያትል ማማ ሥር ነው፣ በ2012 የተከፈተው የቺሁሊ ኤግዚቢሽን። የመጀመሪያው ክፍል ላይ "ውይ ውይ" አለች። ሁለተኛውም ላይ እንደዚያው። ሦስተኛው ላይ ጠጋ ብላ በጆሮዬ "ፕላስቲክ ነው አይደል?" አለችኝ። ለአንድ ሰው ከ30 ዶላር በላይ ከፍዬ! ከዚያ በኋላ አግዳሚ ስታይ መቀመጥ ሆነ ሥራዋ።

በሳምንቱ ከሲያትል በስተደቡብ ወዳለችው ታኮማ ከተማ ወሰድኳት። የመስታወት ሙዚየሙ እዚያ ነው፣ በ2002 የተከፈተ። ከሩቅ ታውቂዋለሽ፣ ወደ ጎን ዘመም ያለ የብረት ሾጣጣ ነገር አለው፣ 27 ሜትር ያህል ቁመት ያለው፣ የፋብሪካ ጭስ ማውጫ የመሰለ። ሾጣጣው ውስጥ ሆት ሾፕ የሚሉት አለ። እንደ ቲያትር ቤት ወንበር ተደርድሯል፣ ከፊት ለፊትሽ ደግሞ ሰዎች መስታወት ይሠራሉ። የሙዚየሙን መግቢያ ከከፈልሽ የፈለግሽውን ያህል መቀመጥ ትችያለሽ። ማይክ ይዞ የሚያስረዳ ሰውም አለ፣ ጥያቄ ይቀበላል።

እናቴ እዚያ ወንበር ላይ ሁለት ሰዓት ንቅንቅ አላለችም።

የምታዩት ይህን ነው። አንዱ የብረት ቧንቧ እቶን ውስጥ ይከታል። እቶኑ ከ1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል። ከማሰሮ ማር በማንኪያ ስታወጪ ካላሽከረከርሽው ይንጠባጠብብሽ የለ? እንደዚያው ቧንቧውን እያሽከረከረ ያወጣዋል። የሚወጣው ነገር መስታወት አይመስልም፣ ብርቱካንማ ፍም ነው። ከዚያ በኋላ ሥራው እስኪያልቅ ቧንቧው መሽከርከሩን አያቆምም፣ ከቆመ ፍሙ ወደ አንድ ጎን ይወርዳል። አንዱ ይነፋል። አንዱ የማሞቂያውን በር ይከፍታል ይዘጋል። አንዷ በሳንቃ የሠሪውን ክንድ ከሙቀቱ ትከልላለች። ማንም ማንንም አይጠራም፣ ድግስ የለመዱ ሴቶች ጓዳ ውስጥ እንደሚግባቡት በዓይን ነው። እናቴን ያስገረማት ግን ጋዜጣው ነው። ሠሪው በመዳፉ የያዘው ጓንት መስሎኝ ነበር። አይደለም፣ ተጣጥፎ ውሃ የጠጣ ጋዜጣ ነው! በሱ ነው ያንን ፍም እንደ ሊጥ የሚያድቦለብለው። ጭሱ እኛ ወንበር ድረስ ይሸታል። "ጋዜጣ ለዚህም ይሆናል?" አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ "ይሄ ከሆነማ ያን ጊዜ ያየነውን መልሰሽ አሳይኝ" አለችኝ። 30 ዶላሩን አስቤ አላሳየኋትም፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ለልጅሽ ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ። እዚያው ሙዚየም ልጆች የሳሉትን ሥዕል ይቀበላሉ። ሠሪዎቹ ከመረጡት በመስታወት ይሠሩታል፣ አንዱ ለሙዚየሙ ይቀራል፣ አንዱ ለልጁ ይሰጣል። ዕድሜው እስከ 12 ነው፣ ልጅሽ ትደርስበታለች። ባይመረጥላትም እነዚያን በልጅ እጅ የተሳሉ ባለ ሦስት ዓይን ጭራቆች ስታይ መሳቋ አይቀርም።

ከሙዚየሙ ስትወጡ ድልድዩን አትዝለሉት፣ ነፃ ነው። 150 ሜትር ያህል የእግረኛ ድልድይ ነው፣ ከስሩ አውራ ጎዳና ያልፋል። አንዱ ጋ ጣሪያው መስታወት ሆኖ ከላዩ 2,364 የመስታወት ቅርጾች ተከምረዋል። አንገትሽን ቀና አድርገሽ ከባሕር ወለል ሆነሽ ወደ ላይ የምታዪ ነው የሚመስልሽ። ማዶ ያለው ዩኒየን ስቴሽን ውስጥም የቺሁሊ ሥራዎች አሉ። ድሮ የባቡር ጣቢያ ነበር፣ አሁን የፌዴራል ፍርድ ቤት ስለሆነ የሚከፈተው በሥራ ቀን ብቻ ነው፣ መታወቂያ ያዙ።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ ቺሁሊ መሄድ። ሰውዬው የታኮማ ልጅ ነው፣ በ1941 የተወለደ። በ1968 ጣሊያን፣ ቬኒስ ሄዶ ሲሠሩ አየ። የቬኒስ ሰዎች በ1291 እሳት ከተማውን እንዳይበላ ብለው ምድጃዎቹን ሙራኖ ወደምትባል ደሴት ካዛወሯቸው ጀምሮ ሙያውን ከባዕድ ሲደብቁት የኖሩ ናቸው። እሱ እዚያ ያየው ነገር በቡድን መሥራትን ነው። በ1971 ከሲያትል ሰሜን ጫካ ውስጥ ፒልቸክ የሚባለውን ትምህርት ቤት ከሌሎች ጋር አቋቋመ። ሲያትል የመስታወት ከተማ የሆነችው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1976 እንግሊዝ አገር የመኪና አደጋ ደርሶበት የግራ ዓይኑ ጠፋ፣ በ1979 ደግሞ ትከሻው ወለቀ። ከዚያ ወዲህ ቧንቧውን የሚይዙት ሌሎች ናቸው፣ እሱ ይስላል፣ ያዛል። እናቴ ይህን ስነግራት "እንግዲያ ለምን በሱ ስም ይጠራል?" አለች። እዚህ አገርም ሰው ይከራከርበታል። እኔ ሆት ሾፑን ካየሁ ወዲህ ብዙም አይገርመኝም፣ መስታወት ብቻውን የሚሠራው ሰው ጥቂት ነው።

ቺሁሊን በተመለከተ አንድ ምክር ብቻ። ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ተኩል ሲቀራት ግቡ። የመስታወት ቤቱን ጣሪያ ተከትሎ 30 ሜትር ያህል የተንጠለጠለው ቀይ፣ ብርቱካንማና ቢጫ አበባ በቀን ብርሃን አንድ ነገር ነው፣ ሲመሽ መብራት ሲበራበት ሌላ። በአንድ ትኬት ሁለቱንም ታያላችሁ።

እናትሽ በአፍሪካ አዳራሽ የአፈወርቅ ተክሌን መስኮት አይተው ከሆነ ወሬውን ከዚያ ጀምሪላቸው። 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት ነው፣ በ1961 አዳራሹ ሲመረቅ ጀምሮ ያለ። ያኛው ተቆርጦ የተገጣጠመ፣ ይሄኛው በትንፋሽ የተነፋ ነው። ብርሃኑን ግን ሁለቱም ከኋላ ነው የሚፈልጉት።

አሁን ወደ ወርክሾፑ፣ ገንዘቤ ወደተበላበት።

ስሙን አልጠራም። "የራስዎን ብርጭቆ ይሥሩ" ይላል፣ ከ100 ዶላር አለፍ ያለ ከፈልኩ። ስገባ 12 ሰው ተሰልፏል፣ አስተማሪው አንድ። ተራዬ ሲደርስ ቀለም ምረጪ አለኝ፣ መረጥኩ። ቧንቧውን እሱ ያዘ፣ እሱ አሽከረከረ፣ እሱ ቆነጠጠ። እኔ በላስቲክ ቱቦ ሦስት ጊዜ እፍ አልኩ። አለቀ። ብርጭቆው ያምራል፣ ግን የኔ አይደለም፣ ፊኛ የነፋሁ ያህል ነው የተሰማኝ። ስለዚህ ሳትከፍዪ ደውለሽ ጠይቂ፣ አንድ አስተማሪ ስንት ሰው ይይዛል? ቧንቧውን እኛ እናሽከረክራለን ወይ? ልጅቷ በዕድሜዋ ትገባለች? ከዕቃው ዋጋ ሌላ የሚጨመር አለ? "ይመጣሉ ያዩታል" ካሉሽ ተዪው።

ሁለተኛው ቦታ ሌላ ነበር። አስተማሪዋ ሁለት ሰው ብቻ ነበር የያዘችው፣ እኔና የወንድሜን ልጅ። ወንበሩ ላይ አስቀመጠችኝ፣ ቧንቧውን በግራ መዳፌ ወደፊት ወደኋላ አንከባልላለሁ፣ በቀኜ ትልቅ ወረንጦ የመሰለ ብረት። ፊቴ ጋለ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ መጥረግ የለ፣ እጅሽ ተይዟል! የወንድሜ ልጅ ደግሞ "ሰማያዊ ነው የመረጥኩት፣ ይሄ ብርቱካን ነው!" ብላ ልታለቅስ ደረሰች። ሲግል ሁሉም ቀለም ብርቱካንማ ነው፣ ሰማያዊው የሚመጣው ሲበርድ ነው። ለልጅሽ ይህን ቀድመሽ ንገሪያት።

ሌላው ቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ የሠራችሁትን ያን ቀን አትወስዱትም። መስታወት ውጪው ቶሎ ሲበርድ ውስጡ ገና ስለሚግል እርስ በርሱ ይጓተትና ይነቃል። ስለዚህ 480 ዲግሪ አካባቢ ሌላ ምድጃ ውስጥ ከትተው ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያሉ ያበርዱታል። እናትሽ ሊመለሱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው አትቅጠሪ።

እናትሽን ግን እሳቱ ፊት አታስቀምጫቸው። ጉልበት ለሚያማቸው ሰው ፊውዚንግ የሚሉት ይሻላል። የተቆራረጠ ባለቀለም መስታወት ጠረጴዛ ላይ ይደረደራል፣ ከዚያ ምድጃ ገብቶ ቀልጦ አንድ ይሆናል። ተቀምጦ ነው፣ ሙቀት የለውም። እዚሁ ሰፈራችን፣ ከጃክሰን ጎዳና ጥቂት ብሎክ ወጣ ብሎ፣ ፕራት የሚባል የጥበብ ማዕከል አለ፣ ከ1976 ጀምሮ። ስሙ በ1969 በመኖሪያ ቤቱ ደጃፍ በጥይት የተገደለው የጥቁሮች መብት ታጋይ የኤድዊን ፕራት ነው። ስንቶቻችን እንጀራ ልንገዛ ስንመላለስ በአጠገቡ እናልፋለን፣ ውስጡ መስታወት እንደሚቀልጥ የምናውቅ ግን ጥቂት ነን። የመስታወት ንፊያም ፊውዚንግም ያስተምራሉ፣ ክፍሎቹ ቶሎ ስለሚሞሉ ቀድመሽ ተመዝገቢ።

እናቴን ፊውዚንግ አስገባኋት (የት እንደሆነ ይቅር)። ቤት የነበረ የነቃ ብርሌ በነጠላ ጠቅልላ ይዛ መጣች፣ ለካ ሰባብራ ከሌላው ጋር ልታቀልጠው ኖሯል። "ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ ይባላል፣ እስቲ እናያለን" አለች። አስተማሪው በትሕትና አይሆንም አላት። መስታወት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፣ ሲበርድ የሚኮማተርበት መጠን ይለያያል። የማይስማሙ ሁለት ዓይነቶች አብረው ከቀለጡ ዛሬ ባይነቁ ነገ ይነቃሉ። እዚያ የሚሸጡት ላይ 90 ወይም 96 የሚል ቁጥር አለ፣ የሚደባለቀው 90 ከ90፣ 96 ከ96 ጋር ብቻ ነው። "ብርሌውን ብቻውን አቅልጬ ዝርግ ሳህን ላድርግልዎት" አላት። ተረጎምኩላት። ብርሌውን መልሳ ጠቀለለችው። "ከሚጨፈለቅስ እንደነቃ ይቀመጥ።"

ከዚያ ቁጭ ብላ አረንጓዴና ቢጫውን እንደ ጥለት ረድፍ በረድፍ ደረደረችው። የጎረቤቷ ጠረጴዛ ላይ የነበረች ፈረንጅ ፎቶ አነሳቻት። ሁለት ሰዓት ቀና አላለችም።

ጊዜያችሁ ወደ ጥቅምት ከገፋ ደግሞ በፈረንጆቹ ኦክቶበር ሪፍራክት የሚባል የመስታወት ፌስቲቫል አለ፣ ከ2019 ጀምሮ። ስቱዲዮዎች በራቸውን ይከፍታሉ፣ ከፊሉ ነፃ ነው። ፕሮግራሙን ቀድመሽ እዪ።

ስትሄዱ የጥጥ ልብስና ድፍን ጫማ፣ ፀጉር የታሰረ። ዘርፍ ያለው ነጠላ እሳት አጠገብ አይሆንም። ውሃ ያዙ።

እናትሽ የሠሩትን ወደ አዲስ አበባ ሲወስዱ ሻንጣ ውስጥ አይክተቱት፣ በእጃቸው ይያዙት። የእናቴ ሳህን በነጠላ ተጠቅልሎ ጉልበቷ ላይ ተቀምጦ ደህና ገባ። በሁለት ሹራብ ጠቅልዬ ሻንጣ ውስጥ የከተትኩት፣ እኔ የሠራሁት የመስታወት ኳስ ግን ቦሌ ሲደርስ ዱቄት ሆኗል፣ እናቴ ሹራቦቹንም ጣለቻቸው።