ከጤፉ በፊት የሱቁን ደብተር ዝጊ

እህቴ፣ 60 ሺህ ብር የተቋም ብድር፣ ቼክ አስይዛችሁ ከሰው የተበደራችሁት ገንዘብ፣ በዚያ ላይ የሰፈር ሱቅ ዱቤ እንዳለባችሁ ጽፈሽ «ከአስቤዛው ምን ልቀንስ?» ብለሻል። ሌሎች የመለሱልሽ ሥጋ ተዪ፣ ጤፍ ቀይሪ ብለዋል። ስህተት አይደለም፣ ቅደም ተከተሉ ግን ልክ አይደለም።

1. መጀመሪያ የሱቁን ዱቤ ዝጊ። ትንሽ ስለሆነ አይደለም፤ አስቤዛውን የሚያስወድደው እሱ ስለሆነ ነው። በዱቤ የሚወስድ ሰው ዋጋ አይጠይቅም፣ ሚዛን አያይም፣ ሌላ ሱቅ ሄዶ አያወዳድርም። ስኳር በሩብ ኪሎ፣ ዘይት በግማሽ ሊትር፣ ሳሙና በፍሬ። በዚህ አገዛዝ ጤፍ ብትቀይሪ የተረፈው ብር ተመልሶ እዚያው ደብተር ላይ ያርፋል። ደሞዝ የወጣ ቀን ግማሹን ከፍሎ በማግስቱ ማስጻፍ ደግሞ መቼም አያልቅም። የውጭ ምሳው፣ የቅዳሜው ፒዛ፣ አዲስ ልብሱ አንድ ሁለት ወር ይቁምና ደብተሩ በአንዴ ይሰረዝ። «ልዩ ልዩ» ተብሎ የተጻፈ መስመር ካለ ዝርዝሩን ጠይቂ። ባለሱቁ ቅር ቢለው ይበለው። ከዚያ በኋላ የወሩን በጥሬ ብር፣ አትክልቱን ከእሁድ ገበያ፣ ዘይትና ስኳር ሲመጣ ከሸማቾች ማህበር። እዚያ የነዋሪነት መታወቂያ ይዘሽ በጠዋት ካልሄድሽ «አልቋል» ነው መልሱ፤ ያውም ቀና ብለው ካዩሽ።

2. እንጀራ። የምትገዢ ከሆነ ቤት መጋገር ያዋጣኛል ብለሽ አትደምድሚ፣ አስዪው። 5 ኪሎ ዱቄት አቡኪና ስንት እንጀራ እንደወጣው ቁጠሪ። የእህሉን፣ የማበጠሪያውን፣ የወፍጮውን፣ የመብራቱን ደምረሽ ለቁጥሩ አካፍዪ። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ አንድ ሰዓት ተኩል ቢበራ 5 ኪሎዋት ሰዓት ከሩብ ይበላል፤ ታሪፉም ፍጆታ ሲጨምር ከፍ ይላል። ስለዚህ ለሦስት እንጀራ ምጣድ ማጋል ኪሳራ ነው። በሳምንት ሁለቴ ጋግሪ፣ ሊጡን በአንዴ ጨርሺ። በሳምንት አንዴ ልገላገል ካልሽ በተለይ በክረምት ይሻግትብሻል።

ጤፍ አዝመራው ገብቶ ከታኅሣሥ በኋላ ነው የሚረክሰው፤ ክረምት ላይ ይወደዳል። ኩንታል ለመግዛት ብለሽ ግን አዲስ ብድር እንዳትወስጂ፣ ከጎረቤት ጋር ግማሽ ግማሽ ተካፈሉ። ስትገዢ ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን አትመኚ፤ ከመሃልና ከሥሩ አዘግኚ፣ በመዳፍሽ አሽተሽ እፍ በዪው። ገለባው ይበርና አሸዋው መዳፍሽ ላይ ይቀራል። ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም፣ እህሉ ከእርጥበት ከራቀ ይቆያል፤ ዱቄቱ ግን አይቆይም፣ 25 25 ኪሎ እያደረግሽ አስፈጪ። ከማኛ ወደ ሰርገኛ መውረድ መልኩን እንጂ ጣዕሙን አያጎድልም፣ ይሄን ያለ ጭንቀት አድርጊው። ድብልቅ ላይ ተጠንቀቂ። ሦስት እጅ ጤፍ፣ አንድ እጅ ሩዝ ወይም ማሽላ ይበቃል። ሩዙ ሲበዛ ትኩሱን ያምራል፣ በማግስቱ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ልጆቹ ይተዉታል፤ የተቆጠበው ሁሉ ቆሻሻ መጣያ ገባ ማለት ነው። አብሲቱንም አትዝለዪ።

3. ዘይት። አምስት ሊትሩ ለ30 ቀን ይበቃል ካልሽ ለቀን 166 ሚሊ ነው፣ በቡና ሲኒ ሁለት ተኩል ግድም። ከጀሪካኑ ድስት ላይ መቅዳት ተዪ፣ በሲኒ ስፈሪ። ሽንኩርቱን በደረቁ፣ ጠብ ጠብ እያደረግሽ በውሃ አቁላዪውና ዘይቱን ከበርበሬው በፊት ጨምሪ። ከመጀመሪያው ዘይት ስታፈሺ ሽንኩርቱ ስለሚመጠው «አነሰ» እያልሽ ትደግሚያለሽ።

ሥጋውን ከልኳንዳ ቤት በኪሎ ከመግዛት ለበዓል ቅርጫ መግባት ይሻላል። የልጆቹን እንቁላልና ወተት ግን አትንኪ። ዕድርም እንዲሁ አይነካም፤ ወጥቶ ለመመለስ መግቢያ ይጠይቁሻል፣ በመሃል ሐዘን ቢመጣ ደግሞ ሌላ ዕዳ ነው። ዕቁብ ላይ ካለሽ አታቋርጪ፤ ዕጣው ሲደርስሽ ዕቃ ሳይሆን ዕዳ ይግዛበት። ደርሷቸው ሶፋ የቀየሩ ብዙ አሉ። ደግሞ መስከረምን ከአሁኑ አስቢው። እንቁጣጣሽ፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ደብተርና ዩኒፎርም፣ መስቀል በአንድ ወር ይወርዳሉ፤ ለእሱ በየወሩ ካላስቀመጥሽ ዱቤው እዚያ ላይ ተመልሶ ይከፈታል።

አሁን ዋናው። ከኩሽና የተረፈውን ደሞዝ በገባበት ቀን ወደ ዕዳው አስገቢው፤ ወር መጨረሻ የሚተርፍ ብር የለም። የቱ ዕዳ ይቅደም የሚለውን ውሉ ይነግርሻል። ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ነው ወይስ ከመነሻው ብድር ላይ በቋሚነት? ለምሳሌ 60 ሺህ ብር በ18 በመቶ ለሁለት ዓመት ቢሆን በቀሪው ሲሰላ ወርሃዊው 2,995 ብር ግድም፣ ጠቅላላ ወለዱ ወደ 11,900 ይሆናል። በቋሚው ግን ወርሃዊው 3,400፣ ወለዱ 21,600 ነው። ቋሚ ከሆነ ውሉ የወለድ ቅናሽ ካልሰጠሽ ቀድሞ መክፈል ብዙም አይጠቅምሽም፤ ትርፉን ብር ቼክ ወደያዘባችሁ ሰውየው ዕዳ አዙሪው።

በቀሪው የሚሰላ ከሆነ ትርፍ ስትከፍዪ ዝም ብለሽ ሒሳቡ ላይ አትጣዪው። የሚቀጥለው ወር ክፍያ ብለው ይይዙታል፣ ዋናው ብድር አይወርድም፣ ወለዱም እንደነበረ ይሄዳል። «ከዋናው ብድር ይቀነስልኝ» የሚል ማመልከቻ አስገቢና ቅጂው ላይ ማህተም አስመቺ። «ሲስተሙ አይቀበልም» ይሉሻል፤ ኃላፊውን ጠይቂ፣ ስብሰባ ላይ ነው ቢሉሽም ቁጭ ብለሽ ጠብቂ። በወሩ የሒሳብ መግለጫ አውጥተሽ ዋናው መውረዱን እዪ።

የሰውየውን በተመለከተ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2479 መሠረት እንዲህ ያለ ብድር በጽሑፍ ቢስማሙበት እንኳ ወለዱ በዓመት ከ12 በመቶ አይበልጥም። አራጣ አበዳሪዎች ይሄን ስለሚያውቁ ወለዱን ከዋናው ደምረው ነው የሚያስፈርሙት፤ በእጅሽ የገባውንና የፈረምሽበትን አስተያዪ። ክፍያው በባንክ ይሁን፣ ምክንያቱ ላይ «የብድር ክፍያ» ተብሎ ይጻፍ። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድርን መክፈልሽን በምስክር አረጋግጣለሁ ብትዪ ሕጉ አይቀበልሽም። ቼኩ ባዶ ከሆነ ደግሞ የሚሞላው እሱ ነው፤ በቂ ስንቅ (ሒሳቡ ውስጥ ገንዘብ) የሌለው ቼክ በወንጀል ያስጠይቃል። የመጨረሻውን ክፍያ ቼኩን ካስቀመጠበት እንዲያመጣ አድርገሽ እጅ በእጅ፣ በሁለት ምስክር ፊት ደረሰኝ አስፈርመሽ ፈጽሚ፤ «ቤት ረስቼው ነው፣ ነገ እሰጥሻለሁ» ካለሽ ብሩንም ነገ ስጪው። ቼኩ ላይ የተጻፈ መጠንና ቀን አለው ወይስ ባዶ ነው? እሱን ጻፊልን፣ ቀጥሎ የሚደረገው በዚያ ይለያያል።