ፎሬስተርህ ጉልበት አላት፤ መጀመሪያ የጠፋውን እንፈልግ

አንድ የአዳማ ነዋሪ እንዲህ ብሎ ጽፎልኛል።

«ጋሼ፣ በፈረንጆቹ 2006 የተሠራች ሱባሩ ፎሬስተር ኤክስቲ አለችኝ። ማንዋል ናት፣ ባለ 5 ማርሽ። 185 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳለች። የ3 ልጆች አባት ነኝ፤ የገዛኋትም ለቤተሰብ ብዬ ነው። መሥሪያ ቤት ግን ‹የእማማ መኪና› እያሉ ይቀልዱብኛል። ይባስ ብሎ በፍጥነት መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ስወጣ፣ በፊት የምታልፋቸው መኪናዎች አሁን ጥለዋት ይሄዳሉ። አንድ ልጅ ቱርቦዋን ከፍ አድርጌ፣ ክፍት ፊልትሮ ገጥሜ፣ ካታሊስቷን አውጥቼ በ1 ቀን አበረታታልሃለሁ አለኝ። ላሠራት? ወይስ የቤተሰብ መኪና ላይ ጉልበት መጨመር ከመነሻው ስህተት ነው?»

ወንድሜ፣ ስህተት አይደለም። ቀልዱንም ተወው። ያቺ መኪና ከላይ ሳጥን ትመስላለች እንጂ ሆዷ ውስጥ ያለው ሌላ ነው። 2.5 ሊትር፣ 4ቱ ሲሊንደሮች በግራና በቀኝ የተኙ፣ ባለ ቱርቦ፣ ማለትም አየር አጭቆ የሚያስገባ ሞተር። ኢጄ255 ይባላል። ከፋብሪካ ስትወጣ 230 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ሱባሩ ራሱ ይህችኑ ፎሬስተር ባለ 6 ማርሽ ካምቢዮ ገጥሞላት፣ 265 የፈረስ ጉልበት አድርጎ፣ ኤስቲአይ በሚል ስም ለጃፓን ገበያ ሸጧታል። ስለዚህ ያሰብከውን ነገር ሠሪው ቀድሞ አስቦበታል።

ከደብዳቤህ ውስጥ የያዘኝ ግን አንድ ቃል ነው። «በፊት» ብለሃል። በፊት የምታልፋቸውን ዛሬ ማለፍ ካቃታት፣ መኪናዋ የነበራትን ጉልበት አጥታለች። የጠፋው ሳይገኝ የሚጨመረው የትም አይደርስም።

እኔ ጋ ደክማ የምትመጣ ባለ ቱርቦ መኪና ላይ መጀመሪያ የማየው የአየር ቱቦዎቹን ነው። ባለፈው ክረምት ያንተን የመሰለች ፎሬስተር መጣች። ለባለቤቱ «ቱርቦው ሞቷል» ተብሎ ነበር። ከቱርቦው ወደ ኢንተርኩለሩ (የታጨቀውን አየር ወደሚያቀዘቅዘው ክፍል) የሚሄደው ጎማ በዓይን ሲታይ ደህና ነው። የሳሙና ውሃ ቀባነው፤ በኮምፕሬሰር ቀስ አድርገን አየር ሰጠነው። ምንም የለም። ከዚያ ጎማውን በአውራ ጣቴ ገፋ ሳደርገው፣ ከሥሩ የጥፍር ርዝመት ያላት ስንጥቅ አፏን ከፈተች። አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ይል ጀመር። ስንጥቋ ሞተሩ ተጭኖ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነበር የምትከፈተው። ጎማው ተቀየረ፤ ሰውዬው በነጋታው ደውሎ «መኪናዬን መለስክልኝ» አለኝ። ቱርቦው ምንም አልሆነም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚገባውን አየር የሚለካው ሴንሰር ከፊልትሮው ቀጥሎ ነው ያለው። አየሩ ከተለካ በኋላ መንገድ ላይ ካመለጠ፣ ኮምፒውተሩ ለሌለ አየር ነዳጅ ይሰጣል። መኪናዋ ትደክማለች፣ ነዳጅ ትበላለች፣ ስትረግጣት ጥቁር ጭስ ትተፋለች። ከሴንሰሩ እስከ ቱርቦው ያለው ጎማ ከተሰነጠቀ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ያልተለካ አየር ይገባና ነዳጁ ያንሳል። ይህ የባሰ ነው፤ ምክንያቱን ወደ ታች ታገኘዋለህ። ያ ጎማ ከማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ ከሚያከፋፍለው ክፍል) ሥር ተደብቆ ስለሚያልፍ ብዙ መካኒክ ሳያየው ያልፋል። አንተ አሳየኝ በል።

ካንዴላዎቹ ስንት ዓመታቸው ነው? በዚህ ሞተር ላይ ካንዴላ መፍታት ጠባብ ቦታ ስለሆነ ብዙ ሰው ይሰንፋል። ሲወጡ አያይዘህ የታይሚንግ ቺንጋውንም ጠይቅ። ሠሪው በ168 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀየር ይላል፤ አንተ 185 ላይ ነህ። ተቀይሮ ካልሆነ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ አቁመህ እሱን አስቀይር። ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቮቹና ፒስተኖቹ ይጋጫሉ።

አሁን ወደዚያ ልጅ ሐሳብ ልምጣ። «ቱርቦዋን ከፍ ማድረግ» የሚባለው ነገር እኛ አገር ላይ ለብቻው መታየት አለበት። አዳማ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት 0.83 ባር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ወደ 0.76 ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው መኪና በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል የሚያጣው ለዚህ ነው። ያንተዋ ቱርቦ ስላላት ታካክሳለች፤ የምታካክሰው ግን ቱርቦውን እያለፋች ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ ብትሆን 1.8 ባር አየር ወደ ሞተሩ ለማስገባት፣ ቱርቦው የውጭውን አየር 1.8 እጥፍ ቢያጭቀው ይበቃል። እዚያው መጠን ላይ ለመድረስ አዳማ ላይ ወደ 2.2፣ አዲስ አበባ ላይ ወደ 2.4 እጥፍ ማጨቅ አለበት። አየር በታጨቀ ቁጥር ይግላል። ያንተ ቱርቦ ደግሞ ትንሽ ነው፤ ቶሎ ይነሳል፣ ሞተሩ ከፍ ባለ ዙር ላይ ሲደርስ ቶሎ ይደክማል። በዚህ ላይ ዝም ብለህ ጨምር ስትለው የሚሰጥህ ጉልበት ሳይሆን ትኩስ አየር ነው።

ኮፈኑ ላይ ያለው አፍ ሞተሩን የሚያቀዘቅዝ ይመስላቸዋል ብዙዎች። እሱ ለኢንተርኩለሩ ነው። ስትሄድ ነፋስ ያገኛል። በአዳማ ሙቀት ከባጃጆች ኋላ 10 ደቂቃ ከተንፏቀቅክ ግን፣ ከሥሩ ያለው ሞተር ራሱን ኢንተርኩለሩን ያግለዋል።

ትኩስ አየር፣ በዚያ ላይ የኛ ቤንዚን። ሱባሩ ለዚህ ሞተር 95 ኦክቴን ይመክራል፤ ኦክቴን ማለት ቤንዚኑ በራሱ ላለመፈንዳት ያለው አቅም ነው። እኛ ማደያ ላይ ምርጫ የለንም፤ ቤንዚን ቤንዚን ነው። ኦክቴኑ ለግፊቱና ለሙቀቱ ካነሰ፣ ነዳጁ ካንዴላው ባቀጣጠለው ልክ መንደዱን ትቶ ጥግ ላይ ያለው በራሱ ይፈነዳል። ሞተር አንኳኳ የምንለው ይህንን ነው። ነዳጅ ሲያንስም ይኸው ይመጣል፤ ቅድም ያልኩህ ጎማ ለዚህ ነው የባሰው። የኢጄ255 ደካማ ጎን ደግሞ ፒስተኑ ነው። ማንኳኳትን አይቋቋምም።

ይህን ከመጽሐፍ አይደለም የምነግርህ። ከዓመታት በፊት አንድ ደንበኛ ለምኖኝ፣ እኔም በጭነት መኪና ቱርቦ ልምዴ ተማምኜ፣ ግፊት መጨመሪያ ቫልቭ ገጠምኩለት። ኮምፒውተሩን አልነካንም። ሰውዬው ደስ ብሎት ወደ መተሐራ ወረደ። ሲመለስ ወለንጪቲ ሳይደርስ ሰማያዊ ጭስ አለበሰችው። ሞተሩን አውርደን ስንከፍተው፣ 4ኛው ፒስተን ላይ በ1ኛውና በ2ኛው ፋሻ (ፒስተኑን በሚከብቡት ቀለበቶች) መካከል ያለው ስስ ከንፈር ተቆርሷል። የተቆረሰው የትንሽ ጣት ጥፍር አያህልም። ያቺ ቁራጭ ሲሊንደሩን ከላይ እስከ ታች ቧጥጣዋለች። የጥገናውን ግማሽ እኔ ከፈልኩ፤ ጥፋቱ የኔም ነበርና። ፒስተኑ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ቱርቦ ክፈትልኝ የሚለኝ ሰው ሲመጣ እጁ ላይ አስቀምጥለታለሁ።

ያኔ ቢያንስ ሌላ መኪና መግዛት ይቻል ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ያለህን ሞተር ጠብቅ። «ሞተሩ ቢሞት ሌላ እንጭናለን» የሚልህ ካለ፣ ሊብሬህ ላይ የሞተር ቁጥር እንደተጻፈ አስታውሰው።

ክፍት ፊልትሮውን በፍጹም አትግጠም። ነፋስና አቧራ በማይጠፋበት ከተማ ውስጥ፣ ከትኩስ ሞተር አጠገብ አየር የሚስብ ፊልትሮ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። የምትሰማው ድምፅ ብቻ ነው። ዘይት የሚቀባው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ዘይቱ የአየር ሴንሰሩ ላይ ያርፋል። የወረቀቱን ፊልትሮ ከነቤቱ ተወው፤ ብቻ ቶሎ ቶሎ ቀይረው።

ካታሊስትም፣ የጭሱን መርዝ የሚያጣራው ማለት ነው፣ እንዲሁ። ጭሱ ሲከፈት ቱርቦው ከታዘዘው በላይ ግፊት ሊያመጣ ይችላል፤ ያለ አዲስ ማፕ (ኮምፒውተሩ ነዳጁን፣ እሳቱንና ግፊቱን የሚያዝበት ሰንጠረዥ) አይነካም። ግን እሱን እንኳ ባልፈው የኋላ ወንበርህ ላይ 3 ልጆች ተቀምጠዋል። ካታሊስት የወጣላት መኪና የምትተፋው ጭስ መስኮት ተከፍቶ ሲሄዱ ተመልሶ ወደ እነሱ ነው። ይህን እኔ አልሠራም፤ አንተም አታሠራ።

ታዲያ ጉልበት አይጨመርም? ይጨመራል፤ በኮምፒውተሩ በኩል። የዚህች መኪና ኮምፒውተር ሳይፈታ ከመሪው ሥር ባለው ሶኬት በኬብል ይነበባል፤ ይጻፍበታልም። ሮምሬይደር የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ሞተሩ እየሠራ የሚያደርገውን ሁሉ ይመዘግባል። ማፕ የሚሠራልህ ሰው ይህን የሚያውቅ ይሁን። ሥራው በራስህ ማደያ ቤንዚን፣ በዚህ ከፍታና በዚህ ሙቀት መሠራት አለበት። ከኢንተርኔት የወረደ፣ ለሌላ አገር ቤንዚን የተሠራ ማፕ አይሆንም።

ከመክፈልህ በፊት ምዝግቡን አሳየኝ በል። ሁለት ነገር ተመልከት። ሙሉ ስትረግጥ ኮምፒውተሩ በማንኳኳት ምክንያት እሳቱን ወደ ኋላ የሚጎትትበት ቁጥር ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ይሁን። የአየርና የነዳጁ ምጣኔ ደግሞ በሙሉ ግፊት ጊዜ ወደ 11 ለ 1 ገደማ ይቆይ። ይህን ማሳየት የማይችል ባለሙያ፣ ምን እንደሠራ ራሱም አያውቅም።

ማፑ ሲሠራ ትልቁን የፈረስ ቁጥር አታሳድ። እዚያ ላይ የምትደርሰው በወር አንዴ ነው። ከ2,500 እስከ 4,500 ዙር ያለውን አጠንክርልኝ በለው። በአዋሽ መንገድ ተሳቢ ከፊትህ ሲሆን፣ ቤተሰብ ጭነህ በ3ኛ ማርሽ ስትቀድም የምትፈልገው እሱን ነው። እዚያ ላይ መኪናዋ ስትጠነክር በራስህ ጀርባ ይሰማሃል።

ፍሪሲዮኑን በራስህ ፈትሽ። ባዶ መንገድ ላይ በ4ኛ ማርሽ፣ በ2,000 ዙር እየሄድክ ሙሉ ርገጥ። ዙሩ ዘሎ ፍጥነቱ ካልተከተለው ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው፤ ተጨማሪ ጉልበት አይሸከምም።

ፍሬንና ጎማ ከማፑ በፊት ይምጡ። በዚህ አልደራደርም። የፍሬን ዘይት ውሃ ይስባል፤ 2 ዓመት ካለፈው ይቀየር፤ ሸራውም ዲስኩም ይታይ። ጎማው ጎን ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ 4 አኃዝ አለ። 3517 ካለ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. 35ኛው ሳምንት ላይ ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ገና ሆኖ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ ይዞ በ120 መሄድ ከማንኛውም ሞተር በላይ ያስፈራኛል።

ይህን ሁሉ ከመጀመርህ በፊት ግን የሞተሩን ውስጥ ማወቅ አለብን። ጋራዥ ስትመጣ የ4ቱንም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን እለካለሁ። አንዱ ከሌሎቹ ከ10 በመቶ በላይ ካነሰ ስለ ጉልበት አናወራም። ለቱርቦው ዘይት የሚያደርሰውን ቱቦ ብሎንም እፈታዋለሁ። በብዙዎቹ ላይ ውስጡ ትንሽ ወንፊት አለው፤ ዘይት ሳይቀየር ሲቆይ ጥቁር ጭቃ ይይዝና ቱርቦው ይጠማል።

እስከዚያ ያንተ ሥራ አንድ ነው። ነገ ጠዋት መኪናዋ ሳትነሳ፣ ሜዳ ላይ ቆማ፣ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጣና ጥረግ፤ መልሰህ ክተተውና አውጣው። የዚህ ሞተር ዘንግ በሁለቱ ጎኑ የተለያየ ያሳያል፤ ዝቅ ያለውን ያዝ። እስከ ላይኛው ምልክት ሙላና የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፍ። በታችኛውና በላይኛው ምልክት መካከል ያለው 1 ሊትር ገደማ ነው። ነዳጅ በቀዳህ ቁጥር እየው። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ የት እንደደረሰ ዘንጉን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። መሐል ላይ ካልደረሰ ይዘሃት ና፤ ማፑን እንነጋገራለን። ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ ግን ያንን የ1 ቀን ልጅ አትጥራው፤ ቀጥታ ወደ እኔ አምጣት።