ሊፍቱ ጋር አድፍጦ ስለሚጠብቅህ ሰው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ ብዙ ሰው የሚያንገበግብ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። አርክ ሬይደርስ በሚባለው፣ ዕቃ ለቅመህ በሕይወት መውጣት ያለብህ የተኩስ ጌም ላይ ሶሎ (ብቻህን) ገብተህ ቦርሳህን ሞልተህ መውጫው ሊፍት ጋር ስትደርስ፣ ጥግ ይዞ የቆየ ሰው ገድሎህ ዕቃህን ይወስዳል። «ጌሙን ልተወው ወይስ እኔም እንደነሱ ካምፕ ላድርግ?» ብለሃል። አትተወው። ካምፕ ማድረጉን፣ ማለትም አድፍጦ መጠበቁን፣ ደግሞ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ «ሪፖርት አድርጋቸው» የሚሉህን አትስማ። አድፍጦ መጠበቅ ማጭበርበር አይደለም፣ የጌሙ ሕግ ይፈቅደዋል። ይዘህ የወጣኸው ያንተ ነው፣ ይዘኸው የሞትከው የሌላ ሰው ነው። እንደዚሁ ዓይነት ጌም የሆነው ታርኮቭ በፈረንጆቹ 2017 ገና ዝግ ቤታ ላይ እያለም፣ ሃንት ሾውዳውን በ2018 ሲመጣም ሰው በዚሁ ነበር የሚማረረው። አርክ ሬይደርስ በ2025 ኦክቶበር መጨረሻ ሲወጣ ቅሬታው አብሮት መጣ። ሽፍታ ነጋዴን የሚጠብቀው ሸጦ ሲመለስ ነው፤ እዚህም ሉት (የለቀመውን ዕቃ) ይዞ መውጫው ጋር የሚመጣ ሰው እስካለ ድረስ የሚያደፍጥ አይጠፋም።

ስለዚህ መጠየቅ ያለብህ እሱ ምን ይዞ ነው የሚያሸንፍህ የሚለውን ነው። አንተን የሚበልጠው በተኩስ ችሎታው ላይሆን ይችላል። የትና መቼ እንደምትመጣ ያውቃል፣ በቃ። ሁለቱንም የምትነግረው ደግሞ አንተ ነህ።

ሊፍቱን አስበው። ማዘዣውን ስትነካ ደወሉ ይጮኻል፣ በአካባቢው ያለ ሰው ሁሉ ይሰማል፣ ጌሙ ውስጥ ያሉት ጠላት ማሽኖችም ይሰማሉ። ሊፍቱ እስኪመጣ ትጠብቃለህ፣ በሩ ሲከፈት ትገባለህ፣ ውስጥ ገብተህ ደግሞ እንደገና ትነካለህ። ብዙ ሰው የሚሞተው ጠርቶ እዚያው ማዘዣው ስር ቁጢጥ ብሎ ሲጠብቅ ነው። እኔ ጠርቼ ወዲያው ነው የምሄደው። ሠላሳና አርባ ሜትር ራቅ ብዬ፣ በሩንም ወደሱ የሚያመጣውንም መንገድ የሚያሳየኝ ድንጋይ ወይም ግድግዳ ጀርባ እቆማለሁ። ያደፈጠ ሰው ካለ ደወሉን ሰምቶ የሆነ ነገር ያደርጋል፤ ቦታ ይቀይራል፣ ቀና ይላል፣ አንተን ፍለጋ ይወጣል። ያኔ የምታየው አንተ ነህ።

ከመጥራትህ በፊት ደግሞ አካባቢውን ዙር። ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ሲደክመውና ቦርሳው ሲሞላ መንገዱን ያሳጥራል። ጌሙ የምትጫወትበትን ገጸ ባህሪ ከጀርባ የሚያሳይ መሆኑን አትርሳ፤ ግድግዳ ጀርባ የቆመ ሰው ራሱን ሳያሳይህ ካሜራውን አዙሮ ያይሃል። ፈርስት ፐርሰን በሆኑት (በገጸ ባህሪው ዓይን በምታይባቸው) በታርኮቭና በሃንት እንዲህ አይሆንም፣ ለማየት አንገቱን ማውጣት አለበት። እዚህ ግን ለተቀመጠው ያደላል። መልሱ አንተም ካሜራህን መጠቀም ነው። ሩጫህን አቁም፣ ጥግ ያዝ፣ ካሜራህን አዙረህ ከላይ ጀምረህ እይ። ማዘዣውን ከላይ የሚያይ ጣሪያ ወይም ኮረብታ አለ? ቁጥቋጦ አለ? በሩ ጎን ጨለማ ቦታ አለ? እኔ ብሆን የት እቀመጥ ነበር ብለህ ጠይቅና መጀመሪያ እዚያ እይ።

ማሽኖቹም ይነግሩሃል። ይሄን በደንብ ያዝልኝ። ዋስፕ የሚባለው በራሪ ማሽን በላይህ ሲያልፍ አትናደድበት፣ መብራቱን ተከተል። አንድ ነገር ሲጠረጥር ቢጫ ይሆናል፣ ሊያጠቃ ሲል ቀይ። አንተ ከሩቅ ተደብቀህ እያለ ዋስፑ ቢጫ ሆኖ አንድ ቁጥቋጦ ላይ ቢያንዣብብ፣ እዚያ ሰው አለ። ሊፍቱ አጠገብ የተሰባበረ ማሽን ተጋድሞ አካባቢው ግን ጸጥ ካለ፣ የሰበረው ሰው የት ሄደ? ወይ ወጥቷል፣ ወይ ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ነው። ሄድፎን የሌለህ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አግኝ፤ ከዚያ የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ናይት ሞድ የሚለውን አብራ፣ የእግር ኮቴ ይበልጥ ይሰማሃል።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ መውጫዎቹ አንድ ባንድ ነው የሚዘጉት። ራውንዱ ሊያልቅ ሲል ክፍት የሚቀረው ጥቂት ነው፣ የቀረ ሰው ሁሉ ወደዚያ ይጎርፋል፣ ይህን የሚያውቅ ካምፐርም ቀድሞ ይደርሳል። «አንድ ሕንፃ ብቻ ልጨምር» የምትለዋ ነገር ናት ብዙ ሰው የምታስበላው። ደህና ነገር ካገኘህ ሁለትና ሦስት መውጫ ክፍት እያለ ውጣ። የመጀመሪያው ካላማረህ ወደሌላው ለመሄድ ጊዜ ይኖርሃል። ሬይደር ሃች የሚባለውን የመሬት በር የሚከፍት ቁልፍ ካለህ ደግሞ እሱ እንደ ሊፍቱ አያስጮህብህም። ቁልፉ ውድ ነው እያሉ ስቶር ውስጥ የሚያከማቹ አሉ፣ እኔ አልስማማም። ቦርሳህ ቁልፉን ከበለጠ ተጠቀምበት። ብሉፕሪንት (የዕቃ መሥሪያ ንድፍ) ካገኘህ እዚያው ሴፍ ፖኬት በሚባለው ኪስ ውስጥ ክተት፣ ብትሞትም አይወሰድም። በነጻ ሎድአውት (ጌሙ በነጻ በሚሰጥህ ትጥቅ) ከገባህ ግን ያ ኪስ የለህም፣ ስለዚህ ቶሎ መውጣት ነው።

ይሄን ሁሉ አድርገህም የምትመታበት ቀን አለ። ያኔ የመጀመሪያዋ ሰከንድ ወሳኝ ናት። እጅህ ዞረህ እንድትተኩስ ይገፋፋሃል። አትዙር! እሱ አነጣጥሮብሃል፣ አንተ ደግሞ የት እንዳለ አታውቅም። በአቅራቢያህ ያለ ነገር ጀርባ ግባ፣ ጭስ ጣል፣ ጋሻህን ሙላ። ከዚያ በገባህበት በኩል አትውጣ፣ እዚያ ላይ አነጣጥሮ ነው የሚጠብቅህ። ዞር ብለህ በሌላ በኩል ና። ከአዲስ አበባ ሆነን የአውሮፓ ሰርቨር ላይ ስንጫወት ፒንጋችን (የኔትወርክ መዘግየታችን) ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ነው፣ እናም ባልጠበቀው በኩል ድንገት የወጣ ሰው ቆሞ ከሚጠብቀው ቀድሞ ያያል፣ የሚጠብቀው ሰው ስክሪን ላይ እስክትደርስ ትዘገያለህና። መዘግየቱ ለአንዴ እንኳን ለእኛ ይሠራልናል።

ብትወድቅም አላለቀም። ብዙ ሰው ይሄን አያውቅም፤ ሊፍቱ ክፍት ከሆነና አንተ መሬት ላይ እየዳህክ ከሆነ፣ ድህ ብለህ ገብተህ ማዘዣውን መንካት ትችላለህ። ከነሉትህ ትወጣለህ። ገዳይህ ሊጨርስህ እስኪመጣ ያለችው ጊዜ ትበቃለች። ስለዚህ ስትመታ በሩ አጠገብ ከሆንክ ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ውስጥ ውደቅ።

ማይክህንም ክፈት። ሶሎ ላይ «ሰው አለ? ልወጣ ነው፣ አልተኩስም» ማለት ይሠራል፣ በምትችለው እንግሊዝኛ በለው። ብዙው ሰው እንደ አንተ ዕቃውን ይዞ መውጣት ነው የሚፈልገው። ሊፍት ውስጥ አብረህ ስትገባ ግን ጀርባህን አትስጠው። ተደብቆ የመታኝን ሰው አልቀየምም፣ ቦታ መርጦ ታግሶ አገኘ። «ወዳጅ ነኝ» ብሎ አብሮኝ ገብቶ ከኋላ የሚተኩሰውን ግን ይቅር ማለት ይከብደኛል፣ ምክንያቱም ቀጣዩ ሰው ሲናገር ማንም እንዳያምነው የሚያደርገው እሱ ነው።

ካምፕ ላድርግ ወይ ላልከው፣ መብትህ ነው። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። የጌሙ ሠሪ የኤምባርክ ኃላፊ ራሳቸው ተጫዋች ሲመደብ ሰው መግደል ይወዳል ወይስ ማሽን የሚለው እንደሚታይ ተናግረዋል። በንዴት ያገኘኸውን ሁሉ መምታት ከጀመርክ የሚመደቡልህም እንደዚያው ይሆናሉ፣ ከዚያ ሊፍቱ ጋር የሚጠብቅህ ሰው ይበዛል እንጂ አይቀንስም።

ለጊዜው በነጻ ሎድአውት ዳም ባትልግራውንድስ የሚባለው ማፕ ላይ ግባና ሉቱን ትተህ መውጫዎቹን ብቻ ዙርልኝ። እያንዳንዱ ጋር ያደፈጠ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ራስህ ተቀምጠህ ምን እንደሚታይና ምን እንደማይታይ እይ። የቱ ሊፍት ጋር እንደሚበሉህ ጻፍልኝ፣ እኔ የምገባበትን አቅጣጫ እነግርሃለሁ።