ጅቡቲ በፈረንሳይ እጅ ሳለች «ራስን ማስተዳደር» ምን ነበር? የድሬዳዋና የሐረር ሰዎች ጥያቄ

ባቡሩ ከ1902 ጀምሮ ድሬዳዋን ከጅቡቲ ጋር ስላቆራኘ ጥያቄው እዚህ አያልቅም። ዓመቶቹም ቀኖቹም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከከዚራ፦ ጅቡቲ ቅኝ ግዛት ነበረች ወይስ ራሷን ታስተዳድር ነበር?

ሁለቱም። በ1956 ፓሪስ ያወጣችው ማዕቀፍ ሕግ በተከታዩ ዓመት የመንግሥት ምክር ቤት (የካቢኔ ዓይነት አካል) ሰጣት። ሰብሳቢው ግን ፈረንሳይ የሾመችው ገዥ ነው፤ ተመራጩ የአገሬው ሰው ምክትል ሆኖ ከጎኑ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ሕግ ሲገጥማችሁ በቅድሚያ የሰብሳቢው ወንበር የማን እንደሆነ እዩ።

ከመጋላ፦ ማህሙድ ሐርቢ ከሥልጣን የወረዱት ለምንድን ነው?

ምክትል ሰብሳቢው እሳቸው ነበሩ። በመስከረም 1958ቱ ሕዝበ ውሳኔ ከፈረንሳይ መለየትን ደግፈው ቀሰቀሱ፤ 75 በመቶ ያህሉ ድምፅ ግን መቆየትን መረጠ። ከዚያ ሕዝብ የሚመርጠው የግዛቱ ምክር ቤት ተበትኖ በኅዳር አዲስ ምርጫ ተካሄደ። ሐርቢ አገር ለቀው በ1960 በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ።

ከለገሃር፦ የ1967ቱ ሕግስ ምን ለወጠ?

የግዛቱን ስም ጭምር ለወጠ፤ «የፈረንሳይ የአፋርና የኢሳ ግዛት» ተባለ። ገዥው ሃይ ኮሚሽነር (የፓሪስ ከፍተኛ ተወካይ) ተባለ፤ 32 አባላት ያሉት የተወካዮች ምክር ቤት ተቋቋመ፤ የመንግሥት ምክር ቤቱም የራሱን ፕሬዝዳንት አገኘ፤ አሊ አሬፍ እስከ 1976 ያዙት። ከ1957ቱ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ እርምጃ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን የውጭ ጉዳይ፣ መከላከያ፣ ዜግነት፣ ገንዘብና የውስጥ ፀጥታ ፓሪስ ቀሩ። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሕግ የምታነቡት ከኋላ ጀምራችሁ ነው፦ መጀመሪያ ማዕከሉ ለራሱ ያስቀረውን፣ ቀጥሎ የሰጠውን። ፖሊሱ የማን እንደሆነ ካወቃችሁ ግማሹን መልስ አግኝታችኋል።

ከገንደ ቆሬ፦ አቦ፣ የራሳቸው ፍራንክ እያላቸው እንዴት ቅኝ ግዛት ይባላሉ?

ፍራንኩ ከ1949 ጀምሮ ከፈረንሳዩ ተለይቶ ከዶላር ጋር ታስሯል። ያንን የወሰነው ግን የጅቡቲ ምክር ቤት አልነበረም። የገንዘብ ኖት ላይ ስም መኖርና ስለ ገንዘቡ መወሰን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከሐረር፦ የ1967ቱ ሕዝበ ውሳኔ ውጤት ይታመናል?

ከ60 በመቶ በላይ «ከፈረንሳይ ጋር እንቆይ» አለ። ጥርጣሬው ከቆጠራው ይልቅ በመራጮች መዝገብ ላይ ነው። በነሐሴ 1966 የፈረንሳዩ ፕሬዝዳንት ደጎል ሲመጡ የነጻነት ሰልፍ ወጥቶ ደም ፈሰሰ፤ ከዚያ ብዙ ሶማሌዎች ከግዛቱ ተባረሩ። ድምፁም በአፋርና በሶማሌ ተከፈለ። ማን ይመዘገባል የሚለው በገዥው እጅ ካለ ውጤቱ ሲነገር ክርክሩ አያበቃም።

ከሳቢያን፦ ይህ ከእኛ ከተማ ቻርተር ጋር ይመሳሰላል?

በአሠራር እንጂ በመነሻ አይመሳሰልም። የድሬዳዋ ቻርተር፣ አዋጅ ቁጥር 416/1996 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው)፣ የአገሪቱ የራሷ ፓርላማ ያወጣው ሕግ ነው፤ ድሬዳዋም እዚያ ወኪሎች አሏት። ጅቡቲም ፓሪስ ባለው ብሔራዊ ምክር ቤት አንድ ተወካይ ነበራት፤ ሆኖም በባሕር ማዶ ግዛትነቷ፣ በስም ካልተጠቀሰች በስተቀር የፈረንሳይ ሕግ አይመለከታትም ነበር።

ከከዚራ፦ በምን አበቃ?

ሌላዋ የፈረንሳይ ግዛት ኮሞሮስ በ1975 ነጻ ስትወጣ ጅቡቲን ይዞ መቆየት ከበደ። በ1976 አሊ አሬፍ ለቀቁ፤ ግንቦት 8 ቀን 1977 ሕዝቡ ነጻነትን መረጠ፤ ሰኔ 27 ሐሰን ጉሌድ የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት ሆኑ። የፈረንሳይ ጦር ግን በስምምነት እዚያው ቆየ።