«ርዕስሽ ሰፊ ነው» ለተባልሽው

«ማኅበራዊ ሚዲያ በኢትዮጵያ ባህል ላይ ያለው ተጽዕኖ» የሚለው የመመረቂያ ርዕስሽ የተመለሰው፣ ሰዎች በስልካቸው ምን እንደሚያደርጉ ስለማያሳይ ነው። አንድ ልማድ ብቻ ያዢ።

ዕቁብን ውሰጂ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ መዋጮውን በስልክ የሚልኩ አሉ። ታዲያ ዕጣው በቴሌግራም ሲወጣ ዳኛው በምን ይታመናል? ያልከፈለ አባል የሚወቀሰው በሁሉም ፊት ነው ወይስ በግል መልእክት? ተሰብስቦ መጨዋወቱስ ቀረ? አንድ ሰፈር፣ አንድ ዕቁብ ይበቃሻል፤ ዳኛውን፣ ጸሐፊውን፣ በተለይም በስልኩ አሠራር ያልተደሰቱትን አነጋግሪ።

አደራ፣ የቡድኑን መልእክት ያለ ፈቃድ አትጥቀሚ። የዳኛውን ይሁንታ ብቻ ይዘው የገቡ ተማሪዎች፣ አባላቱ ሲሰሙ ጥናታቸው መሃል ላይ ሲቆም አይቻለሁ። እያንዳንዱን አባል ጠይቂ፤ ስምና ስልክ ቁጥርም ከጽሑፍሽ አስወግጂ።