የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

ጥያቄ፦ አባቴ በቀድሞው ሠራዊት የመቶ አለቃ ነበሩ። ክፍላቸው በአንድ ውጊያ ከተበተነ በኋላ «ያለ ትእዛዝ ቦታህን ለቀሃል» ተብለው ማዕረጋቸው ተገፈፈ። ለማፈግፈግ ፈቃድ የጠየቁበት ሬዲዮ ቀኑን ሙሉ መልስ እንዳልሰጣቸው ግን እስኪሞቱ ድረስ ይነግሩን ነበር። የበላይ ጥፋት እንዲህ በበታች ላይ ሲላከክ በሌላው ዓለምም ይታያል? ስሙ በኋላ የጸዳለት ሰውስ አለ? (አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አለ፤ መዝገባቸው በሚገባ ተጠብቆ ከቆየላቸው አንዱ የአሜሪካ ባሕር ኃይሉ ካፒቴን ቻርልስ መክቬይ ስለሆኑ በእርሳቸው ጉዳይ ላይ ብንቆይ ይሻላል።

መክቬይ ያዝዟት የነበረችው የጦር መርከብ «ኢንዲያናፖሊስ» የአቶሚክ ቦምብ ክፍሎችን ቲኒያን ደሴት አድርሳ ከጓም ወደ ፊሊፒንስ ስትጓዝ፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 1945 ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከጃፓን ሰርጓጅ መርከብ በተተኮሱ ሁለት ቶርፔዶዎች ተመትታ በ12 ደቂቃ ገደማ ሰጠመች። ከተሳፈሩት 1,195 ሰዎች 300 ያህሉ አብረዋት ሰጠሙ። የቀሩት ለቀናት ባሕር ላይ ተንሳፍፈው ሲቆዩ፣ ጥሙን መቋቋም አቅቷቸው ጨዋማውን ውኃ የጠጡ አእምሯቸውን ሳቱ፤ ሻርክ የበላቸውም ነበሩ። የጦር መርከብ በቀኑ ባይታይም እንደ ደረሰ ይቆጠር በሚል አሠራር ምክንያት የት ገቡ ያለ አልነበረም። በአራተኛው ቀን አንድ የቅኝት አውሮፕላን አብራሪ በአጋጣሚ አያቸው፤ በሕይወት የወጡት 316 ናቸው።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር ዋሽንግተን ላይ በጦር ፍርድ ቤት የቆሙት ግን መክቬይ ናቸው። ጥፋተኛ የተባሉበት ክስ መርከቧን ዚግዛግ፣ ማለትም ቶርፔዶ እንዳያነጣጥርባት አቅጣጫ እየቀያየሩ፣ አላስኬዱም የሚል ነበር፤ የተሰጣቸው ትእዛዝ ይህንን ለራሳቸው ውሳኔ የተወ ሆኖ ሳለ ማለት ነው። እዚህ ላይ የክሱን ብልሃት ልብ ይበሉ። አጃቢ መርከብ ጠይቀው መከልከላቸው፣ በመንገዳቸው ላይ ሰርጓጅ መርከቦች እንዳሉ የሚያውቀው ክፍል እንዳልነገራቸው፣ ከቀናት በፊት በዚያው ባሕር ሌላ የአሜሪካ መርከብ መስጠሟ እንደተደበቀባቸው፣ የዘገየችውን መርከብ የፈለገ አለመኖሩ፣ ሁሉም ከዚያች ጠባብ ጥያቄ ውጭ ቀረ። ስለ መሪው ዘንግ ብቻ የተጠየቀ ችሎት ስለ በላይ መሥሪያ ቤቱ ምንም አይወጣውም። በየብስ የነበሩ ጥቂት መኮንኖች የወቀሳ ደብዳቤ ደርሷቸው ነበር፤ እሱም ኋላ ተነሣላቸው።

ይባስ ብሎ ቶርፔዶውን የተኮሰው ጃፓናዊ አዛዥ ሞቺትሱራ ሃሺሞቶ ከአገሩ ተጠርቶ ምስክር ሆነ። ትናንት መርከበኞቹን የገደለውን ሰው በአዛዣቸው ላይ መስካሪ ማድረግ ያኔም ብዙ ሰው አስቆጥቷል። እርሱ ግን ዚግዛግ ብትሄድም ባትሄድም እመታት ነበር ሲል ተናገረ፤ ችሎቱም ይህን ሰምቶ ፈረደባቸው። ቅጣቱ በ1946 ቢነሣም ፍርዱ ከመዝገብ አልወጣም። ከሟች ቤተሰቦች የጥላቻ ደብዳቤ ለዓመታት ለመክቬይ ይደርሳቸው ነበር። መክቬይ በ1968 በቤታቸው ደጃፍ ላይ ራሳቸውን ገደሉ።

ስማቸው እንዴት ጸዳ ላሉት፣ ከባሕሩ የተረፉት መርከበኞች አዛዣችን አልበደለንም ማለታቸውን ሃምሳ ዓመት ስላልተዉ ነው። አንድ የፍሎሪዳ ተማሪ በ1990ዎቹ ለትምህርት ቤት ሥራው ብሎ ቃላቸውን ሲሰበስብ ነገሩ ወደ ምክር ቤት ደረሰ፤ ሃሺሞቶም በስተርጅናው ለሴናተር ደብዳቤ ጽፎ ደገፋቸው። በ2000 የአሜሪካ ምክር ቤት ነጻ መሆናቸውን አወጀ፤ በ2001 ውሳኔው በአገልግሎት መዝገባቸው ገባ።

በአገራችን በኤርትራ ግንባር የነበረው የናደው ዕዝ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በየካቲት 1980 ዓ.ም. በራሳቸው መንግሥት ተገድለው፣ በወሩ አፋቤት መውደቋን ብዙ አንባቢ ያስታውሳል። አዛዡን መግደል ግንባሩን አላዳነውም።

ለእርስዎ የምንመክረው፣ የአባትዎ የጦር ጓዶች፣ በተለይም ያን ሬዲዮ የያዘው ወታደር በሕይወት ካለ፣ በዚያ ቀን ስንት ጊዜ እንደ ጠሩና ማን እንዳልመለሰ በስሙና በፊርማው እንዲጽፍልዎ ነው። ዕድሜያቸው ገፍቷልና እስከ በዓል አያቆዩት።