«ታዝዤ ነው» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ስለ ዓለም አቀፍ ወንጀሎች ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች ለዛሬ አራቱን ልመልስ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ተራ ወታደር አለቃው ግደል ካለው ምን ምርጫ አለው? ለምን እሱ ይጠየቃል?

መልስ፦ ከሁሉም የከበደኝ ይሄ ነው። ድራዠን ኤርዴሞቪች በቦስኒያ ሰርቦች ጦር ውስጥ የ23 ዓመት ወታደር ነበር። ሐምሌ 1995 ከቦስኒያዋ ከተማ ከስሬብሬኒካ የተያዙ ሰዎች ወደሚመጡበት አንድ እርሻ ተላከ። አውቶቡሶች እየተከታተሉ ደረሱ። እስረኞቹ በቡድን በቡድን ይወርዳሉ፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቆማሉ፤ ይተኮስባቸዋል። እምቢ ሲል «ካዘንክላቸው አብረሃቸው ተሰለፍ» እንደተባለ ለፍርድ ቤት ተናግሯል። ተኮሰ። በራሱ ግምት ወደ 70 ሰው ገድሏል። በኋላ ራሱ ለጋዜጠኞች ተናዘዘ።

የዩጎዝላቪያን ጉዳይ ያየው ፍርድ ቤት ይግባኝ ሰሚ ዳኞች 3 ለ2 ተለያዩ። አብላጫው «ተገድጄ ነው» ማለት ንጹሐንን ለገደለ ወታደር ቅጣት ያቀልለታል እንጂ ነጻ አያወጣውም አለ። በመጨረሻ 5 ዓመት ተፈረደበት። ከዚያ ወዲህ የመጣው የሮም ስምምነት፣ ዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት ያቋቋመው ውል፣ ለተገደደ ሰው ጠባብ በር ከፍቷል። «ታዝዤ ነው» ብቻውን ግን አያስኬድም። ስምምነቱ ዘር አጥፉ የሚል ትእዛዝ ሕገወጥነቱ ለማንም ግልጽ ነው ይላል። አዛዡም አይቀርለትም፤ ትእዛዙን ባይሰጥ እንኳ እያወቀ ዝም ካለ ይጠየቃል።

እኔ ከአብላጫው ጋር ነኝ። ልጁ ያሳዝነኛል። ከአውቶቡስ የወረዱት ሰዎች ግን እሱ የነበረውን ያህል ምርጫ እንኳ አልነበራቸውም።

ጥያቄ፦ ሄግ ያሉት ሁለቱ ፍርድ ቤቶች ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ አንዱ፣ ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት፣ አገርን ከአገር ያከራክራል፤ ማንንም አያስርም። ሌላው፣ ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት፣ የሮም ስምምነት በ2002 በሥራ ላይ ሲውል የተቋቋመው፣ ግለሰብን ይከሳል።

ጥያቄ፦ የእስር ማዘዣ ወጥቶበት እንደ ልቡ የሚዞር ሰው እያየን ማዘዣው ምን ዋጋ አለው?

መልስ፦ የወንጀል ፍርድ ቤቱ የራሱ ፖሊስ የለውም። የሚይዙለት አገሮች ናቸው። የሱዳን ፕሬዚዳንት የነበረው ኦማር አል-በሽር በ2009 ማዘዣ ወጣበት፤ በ2015 ደቡብ አፍሪካ ገባ። የአገሪቱ ፍርድ ቤት እንዳይወጣ አግዶ ሳለ አውሮፕላኑ ተነሥቶ ሄደ። ያናድዳል። ቢሆንም ማዘዣ አያረጅም። የቦስኒያ ሰርቦች ጦር አዛዥ የነበረው ራትኮ ምላዲች በዩጎዝላቪያው ፍርድ ቤት ከተከሰሰ ከ16 ዓመት በኋላ በ2011 ተያዘ። ያ ፍርድ ቤት ከከሰሳቸው 161 ሰዎች እንደተሰወረ የቀረ የለም።

ጥያቄ፦ ብዙ ዓመት አልፏል። አሁን ማስረጃ መያዝ ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ በሮም ስምምነት እነዚህ ወንጀሎች ይርጋ የላቸውም፤ ጊዜው አልፏል ተብሎ ክስ አይቀርም። ቻዳዊው ሱሌይማን ጌንጌንግ በአገሪቱ ገዢ በሂሴን ሀብሬ ዘመን ታስረው ተሠቃይተዋል። ሲፈቱ ከ700 በላይ ሰለባዎችን ቃል ሰብስበው ወረቀቱን ለዓመታት ቤታቸው ደበቁት። ሀብሬ ከሥልጣን የወረደው በ1990 ነው። ጌንጌንግ በ2015 በሴኔጋል ዋና ከተማ ዳካር ላይ ዳኞች ፊት ቆመው መሰከሩ። በማግስቱ ዓመት ሀብሬ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።